ምጣዱ ነው የሰነፈው ወይስ መብራቱ?

ሰላም ለናንተ። በዚህ ወር የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ይመሳሰላሉ። ሰዉ መለኪያ ገዝቷል። ድሬዳዋ ያለው ታይዋን ገበያ ወርዶ ርካሽ መልቲሜትር ይዞ ይመጣና ቤቱን ሲለካ ይውላል። ቁጥሩን ያገኘዋል፤ ከዚያ ቁጥሩን ይዞ ቁጭ! ስለዚህ ዛሬ ቮልትና አምፒር በእጃችሁ ካለ ምን ምን ማወቅ እንደምትችሉ በናንተው ጥያቄ እንሂድበት። የስልክ ካልኩሌተር ይበቃል።

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሳቢያን ነው። የእንጀራ ምጣዴ ላይ 3500 ዋት፣ 220 ቮልት ይላል። ጠዋት ስጋግር ደህና ነው። ማታ ግን አንድ እንጀራ እስኪበስል ሻይ አፍልቼ እጠጣለሁ። ሠራተኛ ብጠራ ‹ሽቦው ደክሟል፣ ትንሽ ልቁረጥለትና ይጠነክራል› አለኝ። ጎረቤቴ ደግሞ ‹መብራቱ ነው እንጂ ምጣዱ ምን አደረገ› ትላለች። ልጄ ከጓደኛው መለኪያ ተውሶ ለካልኝ። ጠዋት 218 ቮልትና 15.6 አምፒር፣ ማታ 176 ቮልትና 12.6 አምፒር። ከዚህ በኋላ ግን እሱም አልገባውም። ማናቸው ናቸው ልክ?» — የሳቢያን እናት

መልስ፦ ጎረቤትዎ ናቸው ልክ። ምጣድዎ ምንም አልሆነም። ሽቦውንም እንዳያስቆርጡ።

እንዴት አወቅን? ልጅዎ ከለካው ቁጥር። ቮልቱን ለአምፒሩ ሲያካፍሉት የምጣዱ ሽቦ ሬዚስታንስ ይመጣል፤ ሽቦው ከረንቱን፣ ማለትም በውስጡ የሚያልፈውን በአምፒር የሚለካውን ኤሌክትሪክ፣ ምን ያህል እንደሚያግደው የሚነግረን ቁጥር ማለት ነው። የሚለካው በኦም ነው። ጠዋት፦ 218 ÷ 15.6 = 13.97 ኦም። ማታ፦ 176 ÷ 12.6 = 13.97 ኦም። ያው ነው! ሽቦው ቢደክም ኖሮ፣ ማለትም በሙቀት ብዛት እየተበላ ቢቀጥን ኖሮ፣ ይሄ ቁጥር ወደ 16 ወይም 17 ኦም ይወጣ ነበር፤ ያውም ጠዋትም ማታም። እዚህ ግን ከፋብሪካው ከወጣበት ብዙም አልራቀም። ምጣዱ ላይ ከተጻፈው ማስላት ይቻላል፦ 220 × 220 ÷ 3500 = 13.8 ኦም።

አሁን ሙቀቱን እንይ። ቮልት ሲባዛ በአምፒር ዋት ይሆናል። ጠዋት፦ 218 × 15.6 = 3401 ዋት። ማታ፦ 176 × 12.6 = 2218 ዋት። ቮልቱ የወረደው አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ሙቀቱ ግን ከሲሶ በላይ ወርዷል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ቮልቱ ሲወርድ አምፒሩም አብሮት ይወርዳል፤ ዋት ደግሞ የሁለቱ ብዜት ስለሆነ ጉዳቱ ሁለቴ ይመታል። ሰፈሩ ሁሉ ከሥራ ተመልሶ ምጣድና ምድጃ፣ ኤሲና ቬንትሌተር በአንድ ጊዜ ሲከፍት መስመሩ ላይ ያለው ቮልት ይወርዳል። ማታ የሚያዩት እሱን ነው።

እንጀራው የሚዘገየው ደግሞ ከዚህም በላይ ነው። ምጣድ ሊጡን ብቻ አይደለም የሚያሞቀው፤ ከላይም ከታችም ከጎንም ሁልጊዜ አየሩ ሙቀቱን ይሰርቀዋል። ኃይሉ ሲቀንስ ሌባው እኩል ይወስዳል፣ ለእንጀራው የሚተርፈው ነው የሚያንሰው። ስለዚህ «ማታ ዋቱ ስላነሰ ካርድ ቆጠብኩ» አይበሉ። ጠዋት በአንድ ሰዓት የሚጨርሱትን ማታ አንድ ሰዓት ከ40 ደቂቃ ቢፈጅብዎ፣ ጠዋት 3.4 ኪሎዋት ሰዓት፣ ማታ 3.7 ኪሎዋት ሰዓት በላብዎት ማለት ነው።

ወደዚያ ሽቦ ቆራጭ ልመለስ። ይሄ ነገር በጣም ስለተለመደ ትንሽ እንቆይበት። ሽቦው ሲያጥር ሬዚስታንሱ ይቀንሳል፣ ከረንቱ ይጨምራል፣ ምጣዱም በእርግጥ ይሞቃል። ሰውየው አልዋሸም። ከሽቦው አንድ አምስተኛውን ቆረጠው እንበል። 13.97 የነበረው 11.18 ኦም ይሆናል። በ176 ቮልት 2771 ዋት ያገኛሉ፤ ከበፊቱ ሩብ ያህል ጨመረ፣ ደስ ይልዎታል፣ ሰውየውንም ይመርቁታል። በማግስቱ ጠዋት መብራቱ 218 ሲሆን ግን ያው ምጣድ 19.5 አምፒር ይስባል፣ 4251 ዋት ይሆናል። የቤት ሶኬት ብዙውን ጊዜ ለ16 አምፒር የተሠራ ነው። ብሬከሩም 16 ከሆነ በየመሀሉ ይወድቃል፤ 25 ከሆነ ደግሞ አይወድቅም፣ ሶኬቱ ነው የሚቀልጠው። ሽቦው ራሱም አይተርፍም፤ ባጠረው ሽቦ ላይ የበለጠ ሙቀት ስለተጫነ በእያንዳንዱ ሜትር ላይ ያለው ሸክም ከድሮው አንድ ተኩል እጥፍ ያልፋል። በቶሎ ይበጠሳል። ከዚያ ሰውየው ይመጣና የተበጠሰውን ቆርጦ ይቀጥለዋል፣ እንደገና ያጥራል፣ እንደገና ይበጠሳል። ለእሱ ጥሩ ደንበኛ ነዎት።

«እሺ፣ ቮልት የሚያስተካክለው ስታብላይዘርስ?» የሚል አይጠፋም። ለምጣድ አልመክርም። 3400 ዋት የሚችል ስታብላይዘር ትልቅና ውድ ነው፤ ደግሞ ኃይል ከራሱ አይፈጥርም። በ176 ቮልት 3400 ዋት እንዲሰጥዎት ከመስመሩ 19.3 አምፒር መሳብ አለበት፣ ራሱ የሚበላው ሳይቆጠር። የቤትዎ ገመድ ነው የሚሸከመው። የሚሻለው ቮልቱ ደህና በሆነበት ሰዓት መጋገር ነው። ማለዳ ደግሞ ለድሬ ሙቀትም ይሻላል።

መለኪያ ለሌላችሁ አንድ ዘዴ። ዲጂታል ቆጣሪ ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ትንሽ ቀይ መብራት አለች። አጠገቧ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ ብልጭ እንደምትል ተጽፏል። 1600 ከሆነ፣ ሌላውን ዕቃ ሁሉ አጥፍታችሁ ምጣዱን ብቻ አብሩና በአንድ ደቂቃ ስንት ጊዜ ብልጭ እንደምትል ቁጠሩ። በ60 አባዙ፣ ለ1600 አካፍሉ፣ ኪሎዋት ይመጣል። የሳቢያኗ እናት ጠዋት ቢቆጥሩ 91 አካባቢ፣ ማታ 59 አካባቢ ያገኙ ነበር። ቆጣሪያችሁ ላይ የተጻፈው ሌላ ቁጥር ከሆነ በዚያኛው አካፍሉ።

መለኪያ ላላችሁ ደግሞ ማሳሰቢያ፦ አምፒር የሚለካው ክላምፕ ሜትር የሚያቅፈው አንዱን ሽቦ ብቻ ነው። የምጣዱን ገመድ እንዳለ ካቀፈው ሂያጁና ተመላሹ ተጣፍተው ዜሮ ያነባል። ሽቦውን የሚለየው ደግሞ የመብራት ሠራተኛ ይሁን፤ እንጀራ እየተጋገረ ገመድ አይላጥም። ኦም ላይ የተደረገ መለኪያ መብራት ያለበት ሶኬት ውስጥ አይገባም፤ መለኪያውም ይቃጠላል፣ እጅም ይጎዳል።

ጥያቄ፦ «ሐረር የቴክኒክና ሙያ ተማሪ ነኝ። አንዱ ቀመር ኃይል ማለት አምፒር × አምፒር × ኦም ነው ይላል። ስለዚህ ኦም ሲጨምር ኃይል ይጨምራል። ሌላው ደግሞ ቮልት × ቮልት ÷ ኦም ነው ይላል። ስለዚህ ኦም ሲጨምር ኃይል ይቀንሳል። አቦ፣ ሁለቱ እንዴት ልክ ይሆናሉ? ከጓደኞቼ ጋር ተጨቃጭቀን ልንጣላ ነው።» — ከሸዋ በር

መልስ፦ አትጣሉ፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። ሁለቱም የወጡት ከአንድ ቦታ ነው። ዋት ቮልት ሲባዛ በአምፒር ነው አልን። ጆርጅ ኦም የሚባለው ጀርመናዊ፣ የትምህርት ቤት መምህር የነበረ ሰው፣ በ1827 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ቮልት ማለት አምፒር ሲባዛ በኦም ነው አለ። ቮልቱን አውጥተህ በቦታው ይህንን ብትተካ የመጀመሪያው ቀመር ይመጣል። አምፒሩን አውጥተህ ቮልት ÷ ኦም ብትተካ ሁለተኛው ይመጣል። ሒሳቡ ይኸው ነው፣ ጠቡ ሌላ ቦታ ነው።

ጠቡ ያለው «ኦም ሲጨምር» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። ኦም ሲጨምር ሌላው ሁሉ ባለበት አይቆይም። መጀመሪያ መጠየቅ ያለብህ፦ የማይነቃነቀው የቱ ነው? ቮልቱ ነው ወይስ አምፒሩ?

ሶኬት ላይ የተሰካ ዕቃ ከሆነ የማይነቃነቀው ቮልቱ ነው። 220 ተሰጥቶሃል፣ ዕቃህ የፈለገውን ያህል ከረንት ይስባል። እዚህ ጋ ትንሽ ኦም ያለው ዕቃ ነው ብዙ የሚበላው። የድሮዎቹን ክር ያላቸውን አምፖሎች ውሰድ። ባለ 60 ዋቱ 220 × 220 ÷ 60 = 807 ኦም ነው። ባለ 100 ዋቱ 484 ኦም። ኦሙ ያነሰው ደምቆ ይበራል።

ሁለት ነገሮች በአንድ ሽቦ ላይ ተከታትለው ከተቀጠሉ ግን ሁለቱም ውስጥ የሚያልፈው ከረንት አንድ ነው። አሁን የማይለያየው አምፒሩ ሆነ። ኦሙ የበዛው ነው የሚሞቀው። እነዚያኑ ሁለት አምፖሎች በተከታታይ ብታስራቸው ደምቆ የሚበራው ባለ 60ው ነው! ብዙ ሰው አያምንም። ቁጥሩን በ807 እና በ484 አስልተህ በትክክል አላገኘሁትም እንዳትለኝ ግን፤ የአምፖል ክር ሲቀዘቅዝ ኦሙ በጣም ይወርዳል፣ ሳይበራ የምትለካው ሲበራ ካለው አንድ አስረኛ አካባቢና ከዚያም በታች ነው። የምጣድ ሽቦ ግን ቀዝቅዞም ግሎም የሚለወጠው በጥቂት በመቶ ብቻ ስለሆነ ለእንደዚህ ዓይነት ስሌት እሱ ይሻላል። በዛሬዎቹ ኤልኢዲ አምፖሎች ደግሞ ይሄ ሙከራ አይሠራም፤ ውስጣቸው ክር ሳይሆን ትንሽ ኤሌክትሮኒክስ ነው ያለው። ሙከራውን ወርክሾፕ ውስጥ ከመምህርህ ጋር አድርገው።

ይሄ ሁሉ ለፈተና ብቻ እንዳይመስልህ፣ የሚቀጥለውን ደብዳቤ አንብብ።

ጥያቄ፦ «ከዚራ በድሮ ቤት ነው የምንኖረው። ምጣድ የምንሰካበት ሶኬት ይግላል። ፕላስቲኩ ቡናማ ሆኗል፣ ይሸታል። ብሬከሩ ግን ወድቆ አያውቅም። ምጣዱ ሳይሰካ ብሬከሩም ጋ ሶኬቱም ላይ 214 ቮልት ነው። ምጣዱ ሲሠራ ብሬከሩ ጋ 208፣ ሶኬቱ ላይ 190 ይሆናል። አምፒሩ 13.6 ነው። ከብሬከሩ እስከ ማዕድ ቤት 20 ሜትር ይሆናል፣ ሽቦው ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ነው። አደጋ አለው?» — ከከዚራ

መልስ፦ አለው። ይህን ደብዳቤ እንዳነበቡ ምጣዱን ከዚያ ሶኬት ይንቀሉት፣ ከዚያ ቀሪውን ያንብቡ።

ከብሬከሩ እስከ ሶኬቱ 18 ቮልት ጠፍቷል። የት ሄደ? ሽቦውና መገጣጠሚያው በላው። 18 × 13.6 = 245 ዋት። ያ ሁሉ ሙቀት ከግድግዳው ውስጥ ነው የሚወጣው፣ ከምጣዱ አይደለም። የመንገዱ ሬዚስታንስ 18 ÷ 13.6 = 1.32 ኦም ነው።

መሆን የነበረበት ስንት ነው? አንድ ሜትር የመዳብ ሽቦ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ካሬ ከሆነ ሬዚስታንሱ 0.0172 ኦም አካባቢ ነው። የእርስዎ ሽቦ ሄዶ ተመላሽ ስለሆነ 40 ሜትር ነው (ብዙ ሰው 20 ብቻ ያሰላና ይሳሳታል)። 0.0172 × 40 ÷ 2.5 = 0.275 ኦም። ጤነኛ ቢሆን የሚጠፋው 3.7 ቮልት፣ የሚሞቀው 51 ዋት ብቻ ነበር፤ እሱም በ20 ሜትር ገመድ ላይ ተበትኖ ማንም አያውቀውም። የተረፈው 1 ኦም ገደማ ግን አንድ ወይም ሁለት ቦታ ላይ ነው የተከማቸው። የላላ ብሎን፣ የተቃጠለ የሶኬት ጥርስ፣ ወይም ሳጥን ውስጥ በእጅ ተጠምዝዞ በፕላስተር የተጠቀለለ ቅጥያ። 13.6 × 13.6 × 1.04 = ወደ 193 ዋት። ሁለት ባለ 100 ዋት የድሮ አምፖል ሶኬቱ ውስጥ ተቀብሮ እየበራ ነው ማለት ነው።

ብሬከሩ ለምን ዝም አለ? ብሬከር ሙቀት አይቆጥርም፣ የሚያየው ከረንት ነው። የላላ መገጣጠሚያ ደግሞ ከረንቱን አይጨምርም፣ እንዲያውም ይቀንሰዋል። ለብሬከሩ 13.6 አምፒር ሰላም ነው። ለዚህ ነው ቤት በዚህ መንገድ ሲቃጠል ሰው «ብሬከር እያለን!» የሚለው።

ሠራተኛ ይጥሩ። ሶኬቱ ይቀየር፣ ብሎኖቹ ይጥበቁ፣ መሀል ላይ ያለ ቅጥያ ሁሉ ተከፍቶ ይታይ። የምጣዱ መሰኪያም ጥርሱ ከጠቆረ ይቀየር፤ አሮጌ መሰኪያ አዲስ ሶኬት ያበላሻል። አሉሚኒየም ሽቦ ከመዳብ ጋር ተጠምዝዞ ካገኛችሁ እሱ ዋናው ተጠርጣሪ ነው፤ ሁለቱ ሲነካኩ እርጥበት ካገኙ ይበላሉ፣ ቦታውም ይላላል። ከተጠገነ በኋላ ያንኑ ልኬት ይድገሙት። ልዩነቱ ከ4 ወይም ከ5 ቮልት ካላለፈ ተሠርቷል። ካለፈ ሰውየው ብሎን አጥብቆ ሄዷል።

ከ214 ወደ 208 የወረደው ደግሞ ከቤት ውጭ ያለው ነው። 6 ቮልት ብዙ አያሳስብም።

ጥያቄ፦ «አንድ ዲቫይደር ላይ የውሃ ማፍያ፣ ካውያና ቬንትሌተር መሰካት ይቻላል?» — ከገንደ ቆሬ

መልስ፦ ዲቫይደሩ ጀርባ ላይ 10 አምፒር የሚል ካለ 10 × 220 = 2200 ዋት ነው ጣራው። ማፍያው 1800፣ ካውያው 1200፣ ቬንትሌተሩ 60 ከሆነ 3060 ዋት፣ 13.9 አምፒር። አይቻልም። ቬንትሌተሩና አንዱ ይቻላል። ዲቫይደሩ ላይ ምንም ካልተጻፈ ለስልክ ቻርጀርና ለቬንትሌተር ብቻ አድርጉት።

ጥያቄ፦ «ቀፊራ ውሃና ለስላሳ እሸጣለሁ። ፍሪጄ ላይ 220 ቮልት፣ 1.2 አምፒር ይላል። እንደ እናንተ ሳሰላው 264 ዋት፣ በ24 ሰዓት 6.3 ኪሎዋት ሰዓት መጣብኝ። ካርዱ ግን ግማሹን እንኳን አይበላም። ደስ ቢለኝም አልገባኝም። ሌላ ደግሞ ፍሪጁን ነቅዬ የሞተሩን ሽቦ በኦም ስለካው 15 አለኝ። 220 ለ15 ሲካፈል 14.7 አምፒር ነው! መለኪያዬ ተበላሽቷል?» — ባለሱቁ

መልስ፦ መለኪያዎ ደህና ነው፣ ወንድሜ። ከምጣድ ወደ ሞተር ስንሻገር ሕጉ ትንሽ ይወሳሰባል።

የሞተር ሽቦ የተጠቀለለው በብረት ላይ ነው። በቤታችን ያለው መብራት ደግሞ በሰከንድ 50 ጊዜ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ነው። እንዲህ ያለ ጥቅል ሽቦ መመላለሱን ይቃወማል፤ ከረንቱ ከቮልቱ ኋላ ይቀራል። ሞተሩ ሲዞር ደግሞ ከውስጥ የሚመልሰው ቮልት አለ። በመልቲሜትር ኦም ሲለኩ ባትሪ ነው የሚልኩበት፣ ሞተሩም ቆሟል፤ ስለዚህ 15 የሚለው የሽቦውን ብቻ ነው፣ ሌላውን ተቃውሞ አያይም። ሞተር ላይ ቮልትን በዚህ ኦም አካፍሎ አምፒር ማግኘት አይቻልም። ሞተሩ ሊነሳ ሲል፣ ገና ሳይዞር፣ ለቅጽበት ከ1.2 ብዙ እጥፍ እንደሚስብ ግን ይወቁ። ፍሪጅ ሲነሳ አምፖሉ የሚደበዝዘው ለዚህ ነው።

ካርዱ ለምን እንዳነሰ ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛው፣ ከ1.2 አምፒሩ ውስጥ የተወሰነው ሥራ ሳይሠራ ሄዶ የሚመለስ ነው። ስለዚህ ለሞተር ቮልት × አምፒር ካገኙ በኋላ ከአንድ በሚያንስ ቁጥር ያባዙታል፤ ፓወር ፋክተር ይሉታል። 0.7 ነው ብንል 264 × 0.7 = 185 ዋት። የቤት ቆጣሪ የሚቆጥረው ይሄኛውን ነው። ለምጣድ ይሄ ቁጥር 1 ስለሆነ ነው ከላይ ያላነሳነው። ሁለተኛው፣ ፍሪጅ ቀኑን ሙሉ አይሠራም፤ ሲቀዘቅዝ ያርፋል። በቀን 15 ሰዓት ቢሠራ 2.8 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ነው። በሩ በደንበኛ ሲከፈትና ሲዘጋ ከዋለ ይጨምራል፣ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ጀርባው አየር ካጣም ይጨምራል።

አንድ ነገር ልጨምርልዎ። ቮልት ሲወርድ ምጣድ ይሰንፋል እንጂ አይበላሽም። ፍሪጅ ግን ሊቃጠል ይችላል። ሞተሩ አቅም አጥቶ መነሳት ካልቻለ ያንን ትልቁን የመነሻ ከረንት እየሳበ ይቆማል፣ ሽቦው ይግላል። መከላከያው ካልቆረጠው አለቀለት። ስታብላይዘር የሚገዛ ገንዘብ ካለ ለፍሪጁ ይዋል። መብራት ሄዶ ሲመጣም ወዲያው አይሰኩት፤ ጥቂት ደቂቃ ይቆይ፣ ኮምፕረሰሩ ውስጥ ያለው ግፊት ይርገብ።

ጥያቄ፦ «እህቴ ከአሜሪካ የቡና ማሽን አመጣችልኝ። 120 ቮልት፣ 1200 ዋት ይላል። የመሰኪያ መቀየሪያ ገዝቼ ልሰካው ነው። ችግር አለው?» — ከሐረር፣ ፈረስ መጋላ

መልስ፦ ሐረር ተቀምጦ የቡና ማሽን ከአሜሪካ! እሺ፣ ስጦታ ነው፣ አንፈርድም።

አትሰኪው። የመሰኪያ መቀየሪያ ጥርሱን ነው የሚቀይረው፣ ቮልቱን አይነካም። የማሽኑ ሬዚስታንስ 120 × 120 ÷ 1200 = 12 ኦም ነው። 220 ላይ ስትሰኪው ይሄ 12 ኦም አይለወጥም። 220 × 220 ÷ 12 = 4033 ዋት። ለ1200 የተሠራ ዕቃ ላይ ከሦስት እጥፍ በላይ ሙቀት። ውሃው ከመፍላቱ በፊት ማሽኑ ያልቃል።

220ን ወደ 110 ወይም 120 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልግሻል፤ 1500 ዋት ወይም ከዚያ በላይ የሚችል። ከባድ ነው፣ ርካሽም አይደለም። ዋጋውን ጠይቂና ከጀበናው ጋር አወዳድሪ። የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር ግን ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይላል፤ እሱ በቀጥታ ይሰካል። ከዘመድ የመጣ ዕቃ ሁሉ ከመሰካቱ በፊት ጀርባው ይነበብ።

ጥያቄ፦ «ልጄ የ7ኛ ክፍል ተማሪ ነው። የጅቡቲ ባቡር ከላይ ያለው ሽቦ 25 ሺህ ቮልት ነው ሲባል ሰምቶ፣ ለምን እንደ ቤታችን 220 አላደረጉትም ብሎ አስቸገረኝ። ምን ልበለው?» — ከመልካ ጀብዱ

መልስ፦ እንደ ምጣዱ ያስላው። ባቡሩ አንድ ጊዜ ላይ 2.5 ሚሊዮን ዋት ፈለገ እንበል፣ ለስሌት ያህል። ለ25 ሺህ ቮልት ሲካፈል 100 አምፒር ነው። በ220 ቢሆን 11,364 አምፒር! አሁን ኃይሉ የሚመጣበት መስመር ሬዚስታንሱ 1 ኦም ብቻ ነው እንበል። በ100 አምፒር የሚባክነው 100 × 100 × 1 = 10 ሺህ ዋት ነው፤ ከ2.5 ሚሊዮኑ አንድ በመቶ እንኳን አይሞላም። በ11,364 አምፒር ግን ብክነቱ ከ129 ሚሊዮን ዋት ያልፋል፣ ባቡሩ ከሚፈልገው 50 እጥፍ። እንዲያውም 220 ቮልቱን ሙሉ ለዚያ 1 ኦም ብንሰጠው የሚያልፈው 220 አምፒር ብቻ ስለሆነ ያ ሁሉ ከረንት መምጣትም አይችልም። ባቡሩ ካለበት አይነቃነቅም።

ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ ኃይል የሚሄድበት መስመር ደግሞ 230 ሺህ ቮልት ነው፤ ምክንያቱ ያው ነው። ቮልት ሲበዛ ለዚያው ኃይል አምፒር ያንሳል፣ አምፒር በእጥፍ ሲያንስ በሽቦ ላይ የሚባክነው በአራት እጥፍ ያንሳል።

ልጁን ግን ይሄንንም ንገረው፦ 25 ሺህ ቮልት ካልነኩት አይነካም ማለት አይደለም። በጣም ከተጠጉት በአየር ላይ ዘሎ ይመታል። ሐዲዱ አጠገብ ረጅም ብረት መያዝ፣ ፉርጎ ላይ መውጣት፣ ሽቦው ላይ ነገር መወርወር የለም።